ምድጃ ላይ የተሰቀለው ጧፍ

አንድ ጊዜ፣ በጋው ሲጠና ወንዙ ድንጋዩን ብቻ ትቶ በሚሰወርበት ቆላ፣ እንስሳት ሁሉ የሚጠጡት ከአንዲት ምንጭ ነበር። ምንጯም እንደ ሌላ ምንጭ ሜዳ ላይ ወጥታ አትታይም፤ ዋሻ ውስጥ ተሸሽጋ ነው የምትኖር። ወደ እሷ የሚያደርሰው መንገድ ስፋቱ ሁለት ክንድ ብቻ ነው። በቀኝ ግድግዳ፣ በግራ ደግሞ ድንጋይ ቢጥሉበት ድምፅ የማይመልስ ገደል። ቀትር ላይ እንኳ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

«ታዲያ ችቦ አብርተው አይገቡም ወይ?» የሚል ብልጥ አይጠፋም። አይገቡም። የዋሻው ጣሪያ የንብ አገር ነው፤ ጢስ የሸተታት ንብ ደግሞ ይህ አንበሳ ነው፣ ያ ጥንቸል ነው ብላ አትመርጥም። የጧፍ ብርሃን ሲሆን ግን ዝም ትላለች። የገዛ ሰሟ ነዋ!

ስለዚህ በየዓመቱ በጥቅምት፣ እንስሳቱ ከዋሻው አፍ የወዳደቀውን ሰም ለቅመው ያቀልጣሉ፣ ያጣራሉ፣ በጥጥ ፈትል ላይ እየለበጡ አርባ ጧፍ ይሠራሉ። አርባው በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ወገቡን ታስሮ፣ ካንዱ ቤት በአደራ ይቀመጣል። ሚያዝያ መጥቶ ወንዙ እስኪደርቅ ድረስ ማሰሪያው አይፈታም፤ ደንብ ነው። ያን ቀን ጧፉ በዋሻው መንገድ ዳር ዳር ይተከላል፤ እንስሳቱም በብርሃኑ እየተመላለሱ፣ በቅል ውሃ እየቀዱ፣ ደጅ ያለውን ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ይሞላሉ። ዝናም እስኪጥል የሚጠጡት ከዚያ ገንዳ ነው።

አንድ ዓመት አደራው የወደቀው አያ ጅቦ ቤት ነበር። አንበሳ ምን ነክቶት ለእሱ እንደ ሰጠ እንጃ። ጅብ በመጀመሪያ ጧፉ የታሰረበትን ጠፍር በላ። ቀጥሎ ጨርቁን በላ። ጥርሱ አንዴ ሥራ ከጀመረ ወዲያ ጧፉንም ጨረሰው። ሲጠየቅ፣ «እኔ የቀመስኩት ጠፍሩን ብቻ ነው፤ ጧፉ ራሱ ነው የተከተለኝ» አለ። እንስሳቱም ጥሙ ሲያስጨንቃቸው በዳበሳ ገቡ። ከገቡት መካከል የእመት አህይት ባል ቅሉን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ አልወጣም። ጮኸ የሚል የለም። ወደቀ የሚያሰኝ ድምፅም አልተሰማም። ከሰልፉ መካከል አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ በቃ።

በዓመቱ አንበሳ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ዘንድሮ አደራውን ማን ቤት እናስቀምጥ?» ሲል፣ ጅብ ሳያፍር ቀድሞ ተነሣ።

«እኔ ቤት ይሁን፣ ጌታዬ። ከዚህ ሁሉ ልምድ ያለኝ እኔ ነኝ።»

«የምን ልምድ? የመብላት?» አለች እመት አህይት። «ተቀመጥ፣ ዓይነ ደረቅ!» ከዚያ ወደ አንበሳ ዞረች። «ጌታዬ፣ ባሌን ጨለማ በላብኝ። ልጄ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ የምትወልደው በሚያዝያ ነው። ውሃ ያጣች አራስ ጡቷ ድንጋይ ነው። ይህን ጧፍ ከእኔ በላይ የሚሳሳለት ካለ ይነሣና ልየው። ከሌለ ለእኔ ይሰጠኝ።»

የተነሣ አልነበረም። አንበሳ ጥቅሉን በጠፍር ሳይሆን በቃጫ ገመድ አሰረና ጀርባዋ ላይ አኖረው።

እመት አህይት ያን ቀን ቤቷ የገባችው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም ኖራለች፤ አደራ ስትሸከም ግን የመጀመሪያዋ ነው። ችግሩ የት ታስቀምጠው? አልጋ ሥር አስገባችው፤ አይጥ ትዝ አላት። ከእህል ጎታው አናት ላይ ሰቀለችው፤ ከደጅ ይታያል። ከበሩ ኋላ አቆመችው፤ መዝጊያው ልል ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ቦታ ለወጠችለት። እንቅልፏንም አጣች።

በአራተኛው ቀን ጅብ በጠራራ ፀሐይ ከደጇ መጣ።

«እመት አህይት፣ እንዴት ዋልሽ?»

«እንዳንተ አልዋልኩም። ምን ልትል ነው የመጣህ?»

«ምንም። እንዲያው ያን ማሰሪያ፣ ያን ጠፍር፣ ባይኔ ብቻ ላየው ብዬ።»

«ዘንድሮ ቃጫ ነው።»

«ቃጫ?» ጅብ ከልቡ አዘነ። «ቃጫ ሲታኘክ ምን ምን ይላል?»

እመት አህይት ፊቷን አዙራ በኋላ እግሯ መለሰችለት። ጅብም መልሱን በጎድኑ ተቀብሎ እያነከሰ ሄደ።

«ሌባ እንዲህ ነው የሚሸኘው!» አለች ከኋላው። እውነት ነው፤ ጀግና ናት፤ ማን ይክዳታል? ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላት ማለት ከደጅ የሚመጣ ብቻ መሰላት።

ይህን ሁሉ አቶ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አይቷል። በማግሥቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ጅራቱን ሰብስቦ ገባ።

«እመት አህይት፣ እንደምን አደሩ? ጅቡን እንዴት አድርገው እንደሸኙት ሰማሁ። አገሩ ሁሉ እርስዎን ነው የሚያወራ።»

«ያውራ» አለች። ደስ ግን ብሏታል።

«ብቻ ይህን የሚያህል አደራ ከበር ኋላ ማቆም ለክብርዎ አይመጥንም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ? የዘር እህልዎን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ይህም ይጠየቃል? ከምድጃው በላይ፣ ጢስ ላይ ሰቅዬ ነዋ! ነቀዝ አይደፍረው፣ አይጥ አይደርስበት። እናቴም እንዲሁ፣ አያቴም እንዲሁ።»

«ታዲያስ» አለ ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዘር የሚበልጥ አደራ ከዘር ባነሰ ቦታ ይቀመጣል?»

እመት አህይት ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው ማሽላ ቀና ብላ አየች። ያ ዘዴ አንድ ዓመት እንኳ አሳፍሯት አያውቅም፤ የጎረቤት ዘር ነቅዞ የእሷ ዘር ሲበቅል ስንቴ ተመስግናለች። «ይህን እኔ ራሴ እንዴት ሳላስበው!» ብላ በሆዷ ተናደደች። ጥቅሉን አነሣችና ከማሽላው ዛላ ጎን፣ ልክ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ እፎይ ብላ ተኛች።

ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥ አለፈ። ቤቱ ማር ማር ይሸት ጀመር። የገባ ሁሉ፣ «እመት አህይት፣ ቤትሽ እንዴት ደስ ይላል!» ይላታል። እሷም፣ «አደራ ያለበት ቤት እንዲህ ነው» ትላለች። ሽታው ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን ብትጠይቅ ኖሮ! የተመሰገነ ግን መች ይጠይቃል?

አንድ ቀን ልጇ ከምድጃው አጠገብ ተኝታ ሳለ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ ጀርባዬ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ አለብኝ።»

«የጣሪያ ጥላሸት ነው።»

«ጥላሸት ይሞቃል እንዴ? ጧፉን ፈትተን እንየው።»

«አንቺ! ማሰሪያ ተፈቶ ቢገኝ ምን ልባል ነው? ሁለተኛዋ ጅብ ልባል? ደንብ ደንብ ነው፤ አይነካም።»

ልጅቱም ቦታ ቀይራ ተኛች።

ቀበሮ ደግሞ እግር አበዛ። በመጣ ቁጥር ከምድጃው ጥግ ቁጭ ብሎ ድንጋዩን በጥፍሩ ይፍቃል።

«ምንድን ነው የምትፍቀው አንተ?»

«ቆሻሻውን ነው እንጂ፣ እመቤቴ። እርስዎን የመሰለ ባለአደራ ምድጃው ሲያድፍ እያየሁ ዝም ልበል?»

«እናትህ ደህና አድርጋ ነው ያሳደገችህ» ትለዋለች። እሱም የፋቀውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ «ውጭ ልጣልልዎ» ብሎ ይወጣል። መጣሉን እንጃ።

ሚያዝያ ገባ፤ ወንዙም ሄደ። የእመት አህይት ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ቀን ግን ጡቷ ነጠፈ። ውርንጭላው ይስባል፣ ይተዋል፤ ይስባል፣ ይተዋል።

«እማዬ፣ ዋሻው መቼ ነው የሚገባው?» አለች አራሷ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ዛሬ። ዛሬ ትጠጫለሽ። እናትሽ ምን እንዳስቀመጠች ደግሞ አገር ያያል።»

በዋሻው አፍ ሁሉም ተሰልፏል፤ አራሷም ውርንጭላዋን ይዛ ከዳር ተኝታለች። እመት አህይት ጥቅሉን ይዛ በመካከላቸው አለፈች፤ ግራ ቀኝ እንኳ አላየችም። አንበሳ ቃጫውን ፈታ። ጨርቁን ገለጠ።

አርባ ጧፍ አልነበረም። አንድ ጓል ነበር። ሰሙ ወደ ታች ወርዶ ከጨርቁ ጋር ተጋግሯል፤ ገሚሱ ከናካቴው የለም። ፈትሎቹ ራቁታቸውን ተንጠልጥለዋል። ጥቂት ሰም የቀረባቸውም እንደ በግ ቀንድ ተጠማዝዘዋል። አንበሳ አንዱን ለመለየት ሲስብ፣ ክር ብቻ ወጣ።

«እኔ ብበላው አይሻልም ነበር?» አለ ጅብ። «አንዳችን እንኳ እንጠግብ ነበር።»

የሳቀ የለም። እመት አህይት አገር ሁሉ ቢሰድባት ግድ የላትም። ልጇ ግን አልሰደበቻትም። አየቻት ብቻ።

በዚህ መካከል ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራረገና ከቅጠል ውስጥ ስድስት ጥቋቁር ጧፎች አወጣ።

«እኔ ድሃው ለክፉ ቀን ብዬ የሠራኋት ነገር ነበረች» አለ። «እሰጣችኋለሁ። ዋጋዋም ትንሽ ናት፤ ከእንግዲህ ገንዳው የእኔ ይባል፣ የሚጠጣም እኔን አስፈቅዶ ይጠጣ።»

አንበሳ ገንዳውን አየ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ሳይቀር ተሰነጣጥቋል። «ይሁን» አለ፤ ሲለው ድምፁ የእሱ አልመስል አለ።

እመት አህይት ግን ይህን ውል አልሰማችም። ወደ ቤቷ እየሮጠች ነበር። ከምድጃው ሥር የተንጠባጠበ ሰም ካለ ሰብስባ፣ አንድ እንኳ፣ አንዲት ጧፍ እንኳ ልትለብጥ ነው ሐሳቧ። ተንበርክካ አመዱን ባፍንጫዋ ገለጠች። ድንጋዩን ላሰች። ምንም የለም። የሙሽራ ቤት ይመስል ተፍቆ ጸድቷል።

ያን ጊዜ ገባት። የቀበሮ ጧፍ ለምን እንደጠቆረ ገባት። ቤቷ ማር ማር የሸተተበት ምክንያት ገባት። «ሌባ!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። እሱ የለቀመው የወደቀውን ነው፤ ያቀለጠው የማን እሳት ነው? የሰቀለውስ ማን ነው?

«ዘር ጢስ ይወዳል፤ ሰም እሳት ይፈራል» አለች ለራሷ። «ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ አሮጊቷ…» ሌላ አልጨመረችም።

ልትነሣ ስትል፣ ከጎታው ኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ነገር ቢጫ ብሎ ታያት። በአፏ ጎተተችው። ጧፍ ነው። አንድ ሌላ አለ። አንድ ሌላም። ያኔ ጥቅሉን ከዚህ እዚያ ስታዛውር ሾልከው የወደቁ ይሆናሉ። ስድስት ወር ሙሉ ፀሐይ ሳያያቸው፣ ሙቀት ሳይደርስባቸው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ መሬት ላይ ተጋድመው ኖረዋል፤ እንደተሠሩበት ቀን ቀጥ ብለዋል። የአንዱን ጫፍ ብቻ አይጥ ቀምሶታል። ማንም ሳይጠብቃቸው፣ ማንም ሳይሳሳላቸው ዳኑ። ከሁሉ ይልቅ ያቆሰላት ይህ ነው።

ሦስቱን ጧፍ ይዛ ወደ ዋሻው ስትመለስ እንስሳቱ አፉ ላይ ተኮልኩለዋል። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። ቀበሮ የመጀመሪያውን ጧፍ ራሱ ካልተከለ ጌትነቱ የሚጎድል መስሎት ብቻውን ገብቶ ነበር። ከምድጃ የተፋቀ ሰም አመድ የበዛበት ነው፤ አመዱ ፈትሉን አንቆት ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጠፋበት።

«አይታየኝም! ወገን የለኝም ወይ? ገደሉ የት ጋ እንዳለ አላውቅም!»

«አትንቀሳቀስ!» ይላል አንበሳ። የሚገባ ግን የለም።

«አንዱን ጧፍ ግንባሬ ላይ እሰሩልኝ» አለች እመት አህይት።

ልጇ ከተኛችበት ቀና አለች። «እማዬ፣ አባዬም በዚያው ነው የገባው።»

«አውቃለሁ። እሱን በጨለማ ነው ያስገባነው።»

በቃጫው አሰሩላት፣ ለኮሱላት፣ ገባች። የሚቀልጠው ሰም በግንባሯ ይወርዳል፤ ጠጉሩን አልፎ ቆዳዋን ይለበልባል። ራሷን ብትነቀንቅ ጧፉ ይጠፋል። አልነቀነቀችም። ንቦቹም ከላይ ዝም አሉ።

ቀበሮ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጣል።

«እመት አህይት! እርስዎ ነዎት? ያ ሰም እኮ፣ እመቤቴ፣ እንዲያው የወደቀ ነገር…»

«ጅራቴን ያዝ። ወሬህን ደጅ ትጨርሳለህ።»

አወጣችው። የገንዳው ውልም እዚያው ፈረሰ፤ ያስታወሰው እንኳ አልነበረም። እሷ ግን አላረፈችም።

«ሦስት ጧፍ ለዚህ ሁሉ መንገድ አይበቃም» አለች። «እንግዲህ መብራቱ ካልተተከለ መብራቱ ይሂድ። እኔ ከፊት እሄዳለሁ። እናንተ ግድግዳውን ተጠግታችሁ፣ እያንዳንዱ የፊተኛውን ጅራት ይያዝ።»

አንበሳ ጅብን ከዓይኑ እንዳይርቅ ብሎ ከእመት አህይት ኋላ አሰለፈው፤ እሱ ራሱ ከጅብ ኋላ ቆመ። «ጥርስህ ከጥርስህ ከተገናኘ የእኔም ይገናኛል» አለው።

«ኧረ እኔ ምራቄን ብቻ ነው የምውጠው» አለ ጅብ፣ ጅራቷን አፉ ውስጥ እንዳደረገ።

ሰባት ጊዜ ገቡ፣ ሰባት ጊዜ ወጡ። አንዱ ጧፍ ሲያልቅ ሌላው ታሰረላት፤ ሁለተኛው ሲያልቅ አይጥ የቀመሰው ተተካ። እሱም አልቆ ፈትሉ ግንባሯ ላይ ሲከስል፣ ገንዳው ገና ግማሽ ነበር። ያን ዓመት ሞልቶ አልታየም። እስከ ሰኔ በስስት ነው የጠጡት፤ ካረጁት ሁለቱ ሰኔን አላዩም፤ ይህን መሸሸግ ደግ አይደለም። የመጀመሪያዋን ቅል ግን አራሷ ጠጣች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውርንጭላው ጡቱን ሳበ፤ አልተወም።

እመት አህይት የጠጣችው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ያዘዛት የለም።

ጥቅምት ዞሮ ሲመጣ አርባው ጧፍ ተሠራ፤ አንበሳም ጠየቀ። «ዘንድሮ አደራውን ማን ቤት እናስቀምጥ?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጅብ እንኳ አልተነሣም።

እመት አህይት ተነሣች። ሰም የለበለበው ግንባሯ ጠጉር አልመለሰም። «እኔ ቤት» አለች።

«እሷ?» አለ ቀበሮ ከአንበሳ ጀርባ ሆኖ። «ያቀለጠችው እሷ አይደለች?»

«አዎ፣ ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። አሁን ከእሳት አርቄ፣ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ሥር አኖረዋለሁ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳይጎብጥ አጋድሜ፣ አይጥ እንዳይደርስበት ክዳን ባለው ሣጥን። በየወሩም ፈትቼ አየዋለሁ። ደንቡን ለውጡልኝ፤ የማይታይ አደራ እንዴት እንዳለ አይታወቅም።»

«ከዚህ ሁሉ መካከል አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው ማለት ነው?» አለ አንበሳ።

«ያበላሸ ያውቃል፣ ጌታዬ። ያላበላሸ ገና ሊያበላሽ ነው።»

አንበሳ ጥቅሉን አንሥቶ ጀርባዋ ላይ አኖረው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጧፍም ሆነ ሌላ የምንሳሳለት ነገር የሚጠበቀው በእኛ ፍርሃትና ኩራት ልክ ሳይሆን በራሱ ጠባይ ልክ መሆኑንና፣ ከሌባ የሸሸገ ሁሉ አስቀመጠ እንደማይባል ነው።